«ራይተርስ ቢልዲንግ» ምንድን ነው?

በህንዷ ኮልካታ እምብርት፣ ላል ዲጊ ከሚባለው ኩሬ በስተሰሜን፣ የፊት ገጽታው ብቻ 150 ሜትር ያህል የሚረዝም ቀይ ሕንፃ ይገኛል። ስሙ «ራይተርስ ቢልዲንግ» ሲሆን ፍቺው የጸሐፊዎች ሕንፃ ነው። ስሙን የሰማ ሰው የደራሲያን መሰብሰቢያ ሊመስለው ይችላል፤ ሆኖም የብሪታኒያው የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ «ራይተር» ይል የነበረው በዝቅተኛው የሥራ እርከን ተቀጥሮ ደብዳቤ የሚገለብጠውን፣ ሒሳብ የሚመዘግበውንና መዝገብ የሚይዘውን ወጣት ሠራተኛ ነበር። እኛም ልብ ወለድ የሚደርሰውንም ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ የሚያዘጋጀውንም በአንድ ቃል «ጸሐፊ» ስለምንል፣ የስሙ አሻሚነት ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም።

የሕንፃው ግንባታ እ.ኤ.አ. በ1777 የተጀመረው እነዚሁ ወጣቶች እንዲኖሩበትና እንዲሠሩበት ታስቦ ነው። ንድፉን ያወጣው ቶማስ ሊዮን ሲሆን፣ ሥራው በመጀመሪያ መልኩ ጌጥ ያልበዛበት፣ መስኮቶቹ በረድፍ የተደረደሩበት ባለሦስት ፎቅ ቤት ነበር። በ1800 የፎርት ዊልያም ኮሌጅ ሲቋቋም፣ ከብሪታኒያ የሚመጡት አዳዲስ ሠራተኞች የአገሩን ቋንቋዎች የሚማሩበት ይህ ተቋም ለተወሰኑ ዓመታት እዚሁ ተቀምጧል።

ዛሬ መንገደኛውን የሚያስቆመው ገጽታ ግን የሊዮን ሥራ አይደለም። በ1821 ባለ 32 ጫማ ዓምዶች ያሉት በረንዳ ተጨመረለት፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ደግሞ፣ የቤንጋል አስተዳዳሪ የነበሩት አሽሊ ኤደን ዋና ዋና መሥሪያ ቤቶችን ወደዚህ ሲያሰባስቡ፣ ሕንፃው የግሪክና የሮማን ቤተ መቅደስ የሚያስታውስ አዲስ መልክ ያዘ። ከኩሬው ዳር ሆኖ ቀና ለሚል ሰው በመካከለኛው ባለሦስት ማዕዘን ክዳን አናት ላይ የቆመችው ሚኔርቫ፣ የሮማውያን የጥበብ አምላክ፣ ቀድማ ትታየዋለች። በጣሪያው ጠርዝ ላይ የተደረደሩት ሌሎች ሐውልቶች ፍትሕን፣ ንግድን፣ ሳይንስንና ግብርናን ይወክላሉ። በእኔ እምነት ይህ ምርጫ የዘመኑን አገዛዝ ከማንኛውም አዋጅ በበለጠ ይገልጸዋል፤ ገዢው ሊታወቅባቸው የፈለጋቸውን በጎነቶች ሁሉ በጣሪያው ላይ አቁሞ፣ ፊታቸውን ወደ ተገዢው ሕዝብ አዙሯልና።

ታኅሣሥ 8 ቀን 1930 (እ.ኤ.አ.) ሦስት ቤንጋላውያን ወጣቶች፣ ቤኖይ ባሱ፣ ባዳል ጉፕታና ዲኔሽ ጉፕታ፣ የአውሮፓውያን ልብስ ለብሰው ወደዚህ ሕንፃ ገቡ። የእስር ቤቶች ዋና ኢንስፔክተር የነበረውን ኮሎኔል ሲምፕሰንን ቢሮው ውስጥ ተኩሰው ገደሉት፤ የነጻነት ታጋዮቹ በእስረኞች ላይ በሚፈጸመው ጭካኔ ይከሱት ነበር። ከዚያ በኋላ በሕንፃው መተላለፊያ ላይ ከፖሊስ ጋር የተኩስ ልውውጥ ተደረገ። ባዳል እዚያው ሞተ፤ ቤኖይ ከቀናት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ፤ ከቁስሉ የዳነው ዲኔሽም በሐምሌ 1931 በስቅላት ተቀጣ። ከነጻነት በኋላ፣ በብሪታኒያዊው ገዢ በዳልሁዚ ስም ይጠራ የነበረው የሕንፃው አደባባይ ስሙ ተለውጦ በሦስቱ ወጣቶች ስም የመጀመሪያ ፊደላት ቢ.ቢ.ዲ. ባግ ተባለ።

ሕንፃው ግን የጥንት ስሙን አልለቀቀም፤ ቤንጋላውያን በራሳቸው ቋንቋ «ማሃካራን» ቢሉትም «ራይተርስ» የሚለው አጠራርም ከአፋቸው አልጠፋም። ከ1947 ጀምሮ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ዋና ጽሕፈት ቤት ሆኖ ሲያገለግል፣ ባለፉት ዘመናት በየጊዜው የተቀጠሉት ክፍሎች በሠራተኞችና በመዝገብ ክምር ተጨናንቀው ነበር። በ2013 ሕንፃው እንዲታደስ ሲወሰን ዋና ሚኒስትሯ ማማታ ባነርጂ ጽሕፈት ቤታቸውን ከሁግሊ ወንዝ ማዶ፣ ሃውራ ውስጥ ወደሚገኘው ናባና ወደተባለ ሕንፃ አዛወሩ።