ዳቦና ወፍጮ፦ በጥንቷ ሮምና በፊውዳል እንግሊዝ የነበረ ኑሮ

ሮምን እና የፊውዳሉን ዘመን አውሮፓ በአንድ ጽሑፍ ማወዳደር ባሕርን በጭልፋ መቅዳት ነው። ስለዚህ ሁለት ቦታ ብቻ እንውሰድ። አንዱ በ1ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የሮም ከተማና አካባቢዋ ነው። ሌላው ከ11ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የእንግሊዝ ገጠር። ማወዳደሪያችን ደግሞ ዳቦ ይሁን፤ በሁለቱም ዘንድ ድሃው የሚያድረው በእሱ ነበር።

በንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ዘመን የሮም ሕዝብ ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋ እንደነበር ይገመታል። ያን ሁሉ ሕዝብ የዙሪያው እርሻ አይችለውም። ስንዴው ከግብፅ፣ ከሰሜን አፍሪካና ከሲሲሊ በመርከብ ይመጣል። ከዚህም ወደ 200,000 ለሚሆኑ ወንድ ዜጎች መንግሥት በየወሩ በነፃ ያድላል። ተራው ሰው የሚኖረው ኢንሱላ በሚባል የኪራይ ፎቅ ውስጥ ነው። ከላይ ያለው ክፍል ርካሹ ነበር፤ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ውሃ ወደ ላይ አይደርስም፣ እሳት ከተነሳም መውጫ የለም። አብዛኛው ክፍል ማብሰያ ስላልነበረው ዳቦም ወጥም ከመንገድ ዳር ይገዛል። ነፃ ድሃ ቢሆንም ጠዋት ጠዋት የአንድ ባለጠጋ ደጅ ይጠናል። ትንሽ ገንዘብ ወይም ምግብ ይቀበላል፤ በምላሹ ባለጠጋው ሲወጣ ያጅበዋል።

ዳቦውን የሚጋግረው ብዙ ጊዜ ባሪያ ነው። በ79 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ከቀበራት ከሄርኩላኒየም ከተማ የከሰለ ድፎ መሰል ዳቦ ተገኝቷል። ማኅተም አለበት፤ የኩዊንቱስ ግራኒዩስ ቬሩስ ባሪያ የሆነው የኬለር መሆኑን ይናገራል። የባሪያው ስም ከነጌታው ስም ሁለት ሺህ ዓመት ሊጠጋ ዳቦ ላይ ቆየ።

የሮም ባርነት ጨካኝ ነበር። በማዕድን ጉድጓድና በሰፋፊ እርሻ ያለው ባሪያ መውጫው ሞት ነበር ማለት ይቻላል። የከተማው ባሪያ ግን ጌታው በሕግ አግባብ ነፃ ካወጣው ራሱም የሮም ዜጋ ይሆናል። ሮም ውስጥ ፖርታ ማጆሬ በሚባለው በር አጠገብ የዳቦ ጋጋሪው የዩሪሳኬስ መቃብር ዛሬም ቆሟል። ነፃ የወጣ ባሪያ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ሲፈጭ፣ ሲቦካ፣ ሲጋገር፣ ሲመዘን በድንጋዩ ላይ ተቀርጿል። ሰውየው በሙያው አላፈረም።

በ332 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ አንድ ሕግ አወጣ። የሰው መሬት የሚያርስ ገበሬ ሊያመልጥ ካሰበ በሰንሰለት እንዲታሰር ፈቀደ። ገበሬው በስም ነፃ ሰው ነው፤ ግን ከመሬቱ ጋር ተሰፍቷል። እኔ ፊውዳሊዝም ሲባል መጀመሪያ የሚታየኝ ይህ ሕግ ነው፤ ሥርዓቱ ገና ብዙ መቶ ዓመት ቢቀረውም።

ወደ እንግሊዝ እንለፍ። በ1086 የአገሪቱን መሬትና ሀብት ለመቁጠር የተሠራው የዱምስዴይ መዝገብ ወደ 6,000 የሚጠጉ የውሃ ወፍጮዎችን ይቆጥራል። ከተመዘገበው ሕዝብ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ገና ባሪያ ነበር። ከዚያ በኋላ ባርነቱ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ገባርነቱ ግን ቀጠለ። ገባሩ የራሱ ማሳ አለው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ግን የጌታውን መሬት ያርሳል። ልጁን ሲድር ይከፍላል። ሲሞት ከከብቶቹ ምርጡ ለጌታው ይሄዳል። አስራቱ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ነው።

ይህን ሰው «ጭሰኛ» ብንለው አይገጥምም። የእኛን ጭሰኛ ባለመሬቱ ሊያስነሳው ይችል ነበር። የእንግሊዙ ገባር ግን መልቀቅ የማይችለውን ያህል በልማዱ መሠረት በቀላሉ አይነቀልም። እንደ ኬለር ገበያ ወጥቶ አይሸጥም። እንደ ዩሪሳኬስም ወደ ላይ የመውጣት ዕድሉ ጠባብ ነው።

እህሉንም በጌታው ወፍጮ ማስፈጨትና ከእህሉ ቆንጥሮ መክፈል ግዴታው ነበር። ሰው ታዲያ የእጅ ወፍጮ ቤቱ ይደብቃል። በሴንት ኦልባንስ ከተማ ጌታው ገዳሙ ነበር። አበምኔቱ ሪቻርድ ኦቭ ዎሊንግፎርድ አስደናቂ የሥነ ፈለክ ሰዓት የሠራ ሊቅ ነው። በ1330ዎቹ ግን የከተማውን ሰው የእጅ ወፍጮ ሰብስቦ ወሰደና የገዳሙን ወለል አነጠፈበት። በየዕለቱ ይረገጣል ማለት ነው።

ከዚያ በ1348 ጥቁሩ ሞት የሚባለው የወረርሽኝ በሽታ ገባ። ሠራተኛ ጠፋ፣ ደሞዝ ወጣ፤ መንግሥት በሕግ ደሞዙን ሊገታ ሞከረ። በ1381 ገበሬው ሲያምፅ የሴንት ኦልባንስ ሰዎች በዊልያም ግሪንድኮብ እየተመሩ ገዳሙ ገቡ። ግሪንድኮብ በዚያው ዓመት ተሰቅሏል። ሰዎቹ ግን ያን ቀን ወለሉን ነቅለው ድንጋዩን እየሰባበሩ ተከፋፈሉት። የገዳሙ መነኩሴ ቶማስ ዋልሲንግሃም ነገሩን በንዴት ጽፎታል። እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያን የሚታደለውን የተባረከ ዳቦ ይመስል፣ እያንዳንዱ የድርሻውን ቁራሽ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ ይላል።