«የጋራ ሀብት» ምንድን ነው? ካርታው በማን ስም ነው አትበሉኝ

ደሴ ፒያሳ ቡና ስጠጣ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ለጓደኛው «ካርታው በስሜ ነው፤ ብትፋታኝ ምን ታመጣለች?» ሲል ሰማሁት። ይህችን ዓረፍተ ነገር በጥብቅና ዘመኔ ስንቴ እንደሰማኋት አላህ ይወቀው።

ወንድሜ፣ ካርታ የሚጠቅምህ ከውጭ ሰው ጋር ስትከራከር ነው። በባልና ሚስት መካከል ግን ንብረቱ በአንዳችሁ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ «የግሌ ነው» ባዩ ያስረዳ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ 213/1992 አንቀጽ 63 የሚለው ይህንኑ ነው። (ያ ሕግ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። ወሎ ላይ አቤቱታ ስትጽፉ የምትጠቅሱት የአማራ ክልሉን 79/1995 ነው።)

«ቤቱ የአባቴ ውርስ ቢሆንስ?» ቤቱ ያንተ ነው። ኪራዩ ግን ያንተ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት ጀበና ይዛ መጣች እንበል። ጀበናው የእሷ ነው፤ ከእሱ የሚቀዳው ግን አቦሉም ቶናውም በረካውም የቤቱ ነው። በኪራዩ የተገዛው ባጃጅም የጋራ ነው። ጀበናውን ሸጣ በዋጋው ባቲ ገበያ ሌላ ብትገዛስ? አዲሱ በራሱ የግሏ አይሆንም፤ ፍርድ ቤት ጠይቃ የግሏ ነው ካላስባለች ከጋራው ይቀላቀላል። የተሰበረ ጀበና ስለማይጠገን ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያልቅብኛል። የውርስ ቤት ግን በጋራ ገንዘብ ይታደሳል፣ ያኔ ጭቅጭቁ ይመጣል። ደረሰኝ ያዙ።

ገዢዎችም ብትሆኑ የሻጩን ካርታ ብቻ አይታችሁ ቀብድ አትስጡ። የጋራ ቤት በአንዱ ፊርማ ከተሸጠ፣ ያልፈረመው ወገን ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። «በጋብቻ ውል እንለያየዋለን» ለሚሉም፦ ውሉ የሚጻፈው ከሠርጉ በፊት ወይም በዕለቱ ነው። ከዓመታት በኋላ የተፈራረማችሁት ወረቀት ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ወረቀት ነው።

የገጠር መሬት ሌላ ጣጣ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ እናንተ ያላችሁ የይዞታ መብት ነው፣ የሚገዛውም የመሬት ሕጉ ነው። ለዛሬ እንተወው።

አንድ ነገር ግን ወሎ ላይ ሳይነሳ አይታለፍም። በኒካህ የተጋቡ ሁለቱም ፈቅደው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከቀረቡ፣ ጉዳያቸው በሸሪዓ ይታያል። እዚያ ጋብቻ ብቻውን ሀብት አያቀላቅልም፣ መህሩም (ለኒካሁ ባል ለሚስት የሚሰጠው) የእሷ ነው። አንደኛው ካልፈቀደ ግን ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይመለሳሉ፤ የጀበናው ሒሳብም እንደገና ይጀመራል።

ሰውየውን ቤቱን የገዛው ከሠርጉ በፊት ነው በኋላ ብዬ ልጠይቀው ዞር ስል ሒሳቡን ከፍሎ ወጥቷል።