ባለ 200 አምፒር ባትሪ ከባለ 100 ይበልጣል?

የሶላር ባትሪ ሊገዛ የተነሳ ሰው ሁሉ ይህን ስለሚጠይቅ አንዴ በደንብ ልመልሰው። አምፒር-አወር (በተለምዶ «አምፒር» የሚባለው፣ ባትሪው ላይ የሚጻፈው ቁጥር) ብቻውን ምን ያህል ኃይል እንደሚይዝ አይናገርም፤ በቮልቱ ይባዛል። ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር-አወር ጄል ባትሪ (የእርሳስ-አሲድ ዓይነት) 2400 ዋት-አወር ኃይል ይይዛል። ባለ 51.2 ቮልት 100 አምፒር-አወር ሊቲየም ግን 5120። ቁጥሩ ያነሰው ከእጥፍ በላይ ይይዛል።

ደግሞ የተጻፈው ሁሉ አይበላም። ጄል ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ደጋግሞ ከተሟጠጠ ዕድሜው ያጥራል። ከላይ ያልኩት ሊቲየም፣ ማለትም ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ 80 በመቶውን፣ ከዚያም በላይ ቢወሰድበት ይችላል።

ቤት ውስጥ እንየው። አምስት ባለ 9 ዋት አምፖሎች፣ 80 ዋት ቴሌቪዥንና 10 ዋት ዋይፋይ 135 ዋት ይሆናሉ። መብራት ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ቢጠፋ 540 ዋት-አወር። ያ ጄል በግማሹ፣ በ1200 ዋት-አወር፣ እንደገና ቻርጅ ሳይደረግ እንዲህ ያሉ ሁለት ምሽቶችን ያሳልፋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከ3000 ዋት በላይ ስለሚስብ ባትሪው ቢበቃ እንኳ ትንሽ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው መሣሪያ) አይችለውም። እኔ ከሒሳቡ አስወጥቼዋለሁ።

ማባዛቱ የትም ያው ነው። የሚለያየው ዕድሜው ነው፤ እንደ አምራቹ፣ እንደ ክፍሉ ሙቀትና እንደ አጠቃቀሙ። ሻጩ «አሥር ዓመት» ካለዎት የዋስትና ወረቀቱን ያስወጡት፤ ስንት ዙር ቻርጅ፣ በስንት በመቶ አጠቃቀም እንደሚል እዚያው ያንብቡ።