ክሪሚኖሎጂና ሳይበር ደህንነት በአንድ ዲግሪ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

እንግሊዝ አገር ያሉ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ክሪሚኖሎጂን (የወንጀል ጥናትን) እና የሳይበር ደህንነትን አጣምረው በመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ትምህርት ወላጆችም ልጆችም የሚያወሩት ብዙ ነገር ልክ አይደለም። በተሳሳተ ወሬ ምክንያት ጥሩ ዕድል ሲያልፋቸው ማየት ያሳዝነኛል።

«ዋናው ኮምፒውተሩ ነው፤ ክሪሚኖሎጂው ማሟያ ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የባንግላዴሽን ማዕከላዊ ባንክ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ሌቦች የባንኩ ሲስተም ውስጥ ገቡ። ኒውዮርክ ካለው ሒሳቡ 951 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲተላለፍ ትዕዛዝ ላኩ። 81 ሚሊዮኑ ፊሊፒንስ ደረሰ። አብዛኛው በካሲኖዎች በኩል አልፎ ጠፋ።

ሰብሮ መግባቱ የቴክኒክ ሥራ ነው። ቀኑን መምረጥ ግን ሌላ ዕውቀት ይጠይቃል። ሐሙስ ማታ ነበር። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ነው። ኒውዮርክ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ይዘጋል። ሰኞ ፊሊፒንስ የቻይና አዲስ ዓመትን ታከብራለች። ሌቦቹ ማን መቼ ቢሮ እንደማይኖር ጭምር አጥንተዋል። ኮኸንና ፌልሰን የተባሉ ምሁራን ይህን ኢንተርኔት ሳይስፋፋ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ጽፈውታል። ወንጀል የሚፈጸመው የተነሳሳ ሰው፣ ምቹ ዒላማና የጠባቂ አለመኖር ሲገጣጠሙ ነው ይላሉ።

አገር ቤትም ምሳሌ አለን። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች ከሌላቸው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም ብሏል። ታዲያ የሰው ኪስ የማይነካ ልጅ ያን ሌሊት ኤቲኤም ፊት ለምን ተሰለፈ? «ባንክ ነው፣ ማን ይጎዳል?» የሚለው ሰበብስ ከየት ይመጣል? ሳይክስና ማትዛ የተባሉ ምሁራን እንዲህ ያሉ ሰበቦችን እ.ኤ.አ. በ1957 አንድ በአንድ ዘርዝረዋል። ባንኩ በኋላ ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶ ለጠፈ። ይህ ሰውን ያስመልሳል ወይስ ያሸሻል? ለዚህ ፋየርዎል (የኮምፒውተር መከላከያ) መልስ የለውም።

«ሃኪንግ ነው የሚማሩት»

ይማራሉ፤ ግን በላብራቶሪ፣ በፈቃድ። ያለ ፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባት እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የኮምፒውተር ሕግ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። «ክፍተቱን ላሳያቸው ብዬ ነው» ማለት አያድንም። ሕጉን ከሙያው ጋር አብሮ መማር ለወጣት ትልቅ ጥበቃ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ኮድ የማይችል አይገባም»

ብዙዎቹ ከዜሮ ነው የሚያስጀምሩት። ተማሪዎችን የሚያስደነግጠው ሌላ ነው፤ ክሪሚኖሎጂው ውስጥ ስታትስቲክስ አለ። ከሒሳብ ለመሸሽ ብሎ የሚመርጠው ልጅ ቢያስብበት ይሻላል።

«ግማሽ ግማሽ ነው፤ የትኛውንም በቅጡ አያውቁም»

እዚህ ላይ ትንሽ እውነት አለ። ክሪፕቶግራፊ (የመረጃ ምስጠራ) ወይም የቫይረስ ኮድ መፈታታት የሚወድ ልጅ ሙሉ ኮምፒውተር ሳይንስ ቢማር ይሻለዋል። ማጭበርበር መመርመር፣ የተሰረቀ ገንዘብ መከታተል፣ ዲጂታል ማስረጃ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ለሚፈልግ ግን ጥምሩ ይመረጣል። አንድ ስልክ ላይ የተገኘ መረጃ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ካልተመዘገበ ተከላካይ ጠበቃው አጥብቆ ይሞግተዋል። ፋይሉን መክፈት የሚችል ብዙ ነው። ዳኛ ፊት እንዲቆም አድርጎ መያዝ የሚችል ግን ብዙ አይደለም።

«መጨረሻው ፖሊስነት ነው»

ፖሊስነት አንዱ መንገድ ነው። ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችም የማጭበርበር ክትትል ክፍል አላቸው። በቅርቡ እንግሊዝ ለገቡ ቤተሰቦች ግን አንድ ነገር ልናገር። ብዙ የመንግሥት የደህንነት ሥራዎች ኤስሲ (SC) የሚባል የሠራተኛውን የኋላ ታሪክ የሚመረምር ማጣሪያ አላቸው። ለእሱ አብዛኛውን ጊዜ አገሪቱ ውስጥ አምስት ዓመት መኖር ይጠየቃል። አንዳንዶቹም ዜግነት ይፈልጋሉ። ልጁ ዓላማው እዚያ ከሆነ፣ ከመመዝገቡ በፊት ይህን ያጣራ። የግል ድርጅቶች ግን በአብዛኛው ይህን ማጣሪያ አይጠይቁም።