በጅማ የአጥንትን ጤና በተረከዝ አልትራሳውንድ መለካት

ይህ አልትራሳውንድ ለነፍሰ ጡር እንደሚታየው ዓይነት አይደለም፤ ምስል አያወጣም። ተረከዝን ከግራና ከቀኝ የሚይዙ ሁለት ፕሮቦች አሉት፤ አንዱ ከ0.2 እስከ 0.6 ሜጋኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። ጨረር የለውም፤ ክብደቱም ቀላል ስለሆነ ከጅማ አጋሮ ወይም ሰርቦ ድረስ በመኪና ይዞት መሄድ ይቻላል። ተረከዝ የተመረጠው አብዛኛው አካሉ ስፖንጅ መሰል አጥንት ስለሆነ ነው፤ የአጥንት መሳሳት ቶሎ የሚጎዳውም ይህንኑ ነው።

የሚለካው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ የድምፁ ፍጥነት፣ ሌላው ድግግሞሹ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር) በጨመረ ቁጥር ድምፁ የሚዳከምበት መጠን። ደህና አጥንት ድምፁን ያፈጥነዋል፣ ግን አብልጦም ይውጠዋል። አኪለስ የተባለው መሣሪያ መዳከሙን በ0.67፣ ፍጥነቱን በ0.28 አባዝቶ ይደምርና 420 ይቀንሳል፤ 110 ዴሲቤል በሜጋኸርዝና 1,550 ሜትር በሰከንድ ቢገኝ ውጤቱ 88 ገደማ ይሆናል።

ጅማ ላይ ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስቸግረው እግሩ ነው። በባዶ እግሩ ወይም በኮንጎ ጫማ ቀይ ጭቃ ሲረግጥ የኖረ ሰው የተረከዙ ቆዳ ይወፍራል፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውስጥ አየር ይቀራል፤ አየር ደግሞ ይህን ድምፅ አያሳልፍም። ስለዚህ እግሩ በሞቀ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በአልኮል ይወለወላል፤ ድምፁን ወደ ቆዳ የሚያሻግረው ጄል በጣት እየታሸ ስንጥቁ ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል። ከዝናብ የመጣ ሰው እግሩ እስኪሞቅ ይቆይ፤ የቀዘቀዘ ተረከዝ ፍጥነቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ዝሆኔ ያበጠው እግር ባይለካ ይሻላል፤ በቆዳና በአጥንት መካከል ያለው ፈሳሽ ውጤቱን ያዛባል። ወጌሻ አስሮት የከረመ እግርም እንዲሁ፤ ሳይረገጥበት የቆየ አጥንት ስለሚሳሳ ሌላኛው ይለካል።

እግሩ ከቅልጥሙ ጋር ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ትንሽ ከዞረ ድምፁ ሌላ ቦታ ያልፋል። እግሩን እያነሱ እንደገና በማስቀመጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መያዝ ጥሩ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ታካሚ ሳይገባ፣ መሣሪያው በራሱ ፋንተም (ልኬቱ አስቀድሞ በታወቀ የመፈተሻ ቁስ) ይፈተሻል።

ብዙ ስህተት የሚሠራው ውጤቱ ሲነበብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው የ−2.5 ቲ-ስኮር (ከጤናማ ወጣቶች አማካይ ያለው ርቀት) መለኪያ ለዴክሳ፣ ማለትም የአጥንት ጥግግትን በራጅ ለሚለካው መሣሪያ፣ የተዘጋጀ ስለሆነ እዚህ እንዳለ አይወሰድም። የተረከዝ ልኬት የወር አበባ ላቆመላቸው ሴቶችና ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ወንዶች የስብራት ስጋትን ይጠቁማል። መድኃኒት መሥራት አለመሥራቱን ለመከታተል ግን አይሆንም፤ ለውጡ ከልኬቱ ስህተት ያን ያህል አይበልጥም። የሁለት ፋብሪካ መሣሪያዎችን ቁጥር ማነጻጸርም አይገባም። አጥንት የሚያሳሳውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት ለወራት የወሰደ ወይም ከቁመቱ ልክ ወድቆ የተሰበረ ሰው ቁጥሩ ጥሩ ቢሆንም እንኳ ወደ ሐኪም ይላካል።