ከስትሮክ በኋላ የሰለለ እጅ፦ ከማግኔቱ እስከ ሰፌዱ

ባሕር ዳር ላይ ስትሮክ የመታው ሰው ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ይወሰዳል። «መጋኛ ነው» ተብሎ ቀናት አባክኖ የሚመጣም አለ። ተርፎ ቤት ሲገባ የሚያሳስበው እጁ ነው። እግር ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይመለሳል። እጅ ይዘገያል፤ ጣት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል።

የተጎዳው ክንዱ ሳይሆን አዛዡ አንጎል ነው። ግራው አንጎል ቀኝ እጅን፣ ቀኙ ግራን ያዛል። አንዱ ወገን ሲጎዳ ጤነኛው ጉልበተኛ ሆኖ ይጫነዋል የሚል ሐሳብ አለ። በማግኔት የሚደረገው ሕክምና ይህን ሚዛን ለመመለስ ይሞክራል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1985 እንግሊዝ፣ ሼፊልድ ውስጥ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ አሳዩ። የተጠቀለለ ሽቦ ጭንቅላት ላይ ይጠጋል፣ ቀጭ ይላል፣ ጣት ብድግ ትላለች። በሰከንድ 1 ጊዜ ሲመታ አንጎልን ያበርዳል፤ ሲፈጥን ያነቃቃል። የሚጥል በሽታ ላለበት ወይም ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ላለው ግን አይመከርም።

ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 199 ሰዎችን ይዞ ነበር። እውነተኛውን ማግኔት ካገኙት 67 በመቶ፣ የማስመሰያውን ካገኙት 65 በመቶ ተሻላቸው። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ሁለቱም ወገን ግን ያንኑ የእጅ ልምምድ ሠርቷል። ለእኔ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ልምምዱ ደግሞ ሰፌድ ላይም ይሠራል። ጣቶቻቸው ትንሽ መንቀሳቀስ ለጀመሩ፣ ባለሙያ ፈቅዶ፣ ደህናው እጅ በጓንት ይታሰራል። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታተመ፣ 222 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ይህን ለ2 ሳምንት አድርጎ ጥሩ ለውጥ አይቷል። ደህናው እጅ ከታሰረ በኋላ፣ ለምሳሌ የታመሙት እናት ሰፌድ ላይ ምስር ይለቅማሉ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይቀራረባሉ፣ ፍሬዋ ታመልጣለች፣ እንደገና። መቶ ጊዜ። አሰልቺ ነው፤ አንጎል የሚማረው ግን እንዲህ ነው።

እኛ አስታማሚዎች ደግሞ ማጉረስ እንወዳለን። ፍቅር ነው፤ እጁን ግን ሥራ ፈት ያደርገዋል። የሰለለውን ክንድ ይዞ ጎትቶ ማስነሳትም ትከሻ ያወልቃል። ይልቅ እንጀራውን ራሳቸው ይቁረሱ፣ ቡናውንም ራሳቸው ያንሱ። ሲኒው ለጊዜው የፕላስቲክ ይሁን፤ ቡናውም በረድ ይበል።