የከርነል የመጻፍ ክልከላ ሳይሠራ ሲቀር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ለንባብ ብቻ» የተባለ የከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ገጽ፣ ማለትም የሜሞሪ ክፍልፋይ፣ ተለውጦ ሲገኝ ብዙ ቀን የሚባክነው ክልከላው ራሱ ሜሞሪው ላይ ያለ ስለሚመስል ነው። ክልከላው ያለው ወደ ሜሞሪው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ መንገዱ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ባለ 64 ቢት ኤክስ86 ፕሮሰሰሮችን ይመለከታል።

«በገጽ ሠንጠረዡ የመጻፍ ቢቱን ካጠፋሁ ማንም አይጽፍበትም።»

የገጽ ሠንጠረዥ ቨርቹዋል አድራሻን ወደ ፊዚካል አድራሻ የሚተረጉም፣ የእያንዳንዱን ገጽ ፈቃድም የሚይዝ መዝገብ ነው። አባባሉ ለተጠቃሚ ፕሮግራም እውነት ነው። ለከርነሉ ግን ሲአር0 በተባለው የፕሮሰሰሩ መቆጣጠሪያ ሬጅስተር ውስጥ ያለው 16ኛው ቢት (ከዜሮ ሲቆጠር)፣ ማለትም ደብሊውፒ (የመጻፍ ክልከላ)፣ 1 መሆን አለበት። 0 ከሆነ ከርነሉ የተከለከለውን ገጽ ምንም ሳያግደው ይጽፍበታል። 80386 ይህ ቢት አልነበረውም፤ የመጣው ከ80486 ጋር ነው። ፕሮሰሰሩ ሲነሳ ቢቱ ጠፍቶ ነው የሚነሳው።

ትልቁ ወጥመድ እያንዳንዱ ኮር የራሱ ሲአር0 ያለው መሆኑ ነው። ቢቱ በዋናው ኮር ላይ በርቶ ሌሎቹን ኮሮች በሚያስነሳው ኮድ ውስጥ ከተረሳ፣ ስህተቱ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል፤ የሚወስነው ሥራው የደረሰው ኮር ነው። በኪውኢሙ (ኮምፒውተርን በሶፍትዌር የሚያስመስል ፕሮግራም) የሁሉንም ኮሮች ሬጅስተር አውጥተው ያስተያዩ። በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ሦስቱ ኮሮች 80050033፣ አራተኛው 80040033 ካሉ ጥፋተኛው ተገኝቷል፦ ከግራ አራተኛው አሃዝ ከ5 ወደ 4 የወረደው ያቺ ቢት ስለጠፋች ነው።

«ሠንጠረዡን ቀይሬያለሁ፤ ስለዚህ ክልከላው ጀምሯል።»

ፕሮሰሰሩ የቀድሞውን ፈቃድ ቲኤልቢ (ከሠንጠረዡ ያነበበውን ለፍጥነት የሚያስቀምጥበት ማኅደር) ውስጥ እንደያዘ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ መጻፉ በዝምታ ይቀጥላል። አንድን ገጽ ከቲኤልቢው ለማስወጣት የኢንቭልፒጂ ትእዛዝ ይበቃል። የሠንጠረዡን አድራሻ የሚይዘውን ሲአር3 ሬጅስተር እንደገና መጫን ግን ግሎባል የተባሉ ገጾችን አይነካም፤ የከርነል ገጾች ደግሞ በብዙ ከርነሎች ግሎባል ናቸው። ሁለቱም መንገዶች የሚያጸዱት ትእዛዙን የፈጸመውን ኮር ብቻ ነው። ሌሎቹ በኢንተራፕት (ሥራን አቋርጦ በሚጠራ ምልክት) ተጠርተው የየራሳቸውን ማጽዳት አለባቸው።

«ፔጅ ፎልት ማለት ገጹ የለም ማለት ነው።»

ፔጅ ፎልት ፕሮሰሰሩ አንድ የሜሞሪ አድራሻ መጠቀምን ሲያግድ የሚያነሳው ስህተት ነው፤ አብሮት የሚመጣውን የስህተት ኮድ ያንብቡ። 2 ከሆነ ከርነሉ ሊጽፍበት የሞከረው ገጽ በእርግጥ የለም። 3 ከሆነ ገጹ አለ፣ ከርነሉ እንዳይጽፍ ተከልክሏል። 7 ከሆነ የተከለከለው የተጠቃሚ ፕሮግራም ነው። ፎልቱን ያስነሳው አድራሻ ሲአር2 ሬጅስተር ውስጥ ነው፤ ሌላ ፎልት ሳይደርብበት መጀመሪያ እሱን ያስቀምጡ። 3 አይተው የመጨረሻው ሠንጠረዥ መጻፍን ከፈቀደ ወደ ላይ ይውጡ፦ ከሠንጠረዡ ደረጃዎች (አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው) አንዱ ከከለከለ ገጹ ተከልክሏል።

«ክልከላው በርቶ ይዘቱ ከተለወጠ ሜሞሪው ተበላሽቷል።»

ሜሞሪውን ከመወንጀል በፊት ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። አንደኛው ሌላ አድራሻ ነው። ብዙ ከርነሎች ፊዚካል ሜሞሪውን በሙሉ በሌላ የአድራሻ ክልል ደግመው ስለሚያሳዩ፣ ያው ገጽ በዚያ በኩል ሊጻፍበት ይችላል። የሃርድዌር ዋችፖይንትም (አንድ አድራሻ ሲነካ ፕሮግራሙን የሚያስቆም መጠበቂያ) አይይዘውም፤ ከዲአር0 እስከ ዲአር3 ያሉት አራቱ ሬጅስተሮች የሚጠብቁት ቨርቹዋል አድራሻን ነው። ስለዚህ የገጹን ፊዚካል ቁጥር ይዘው በሠንጠረዦቹ ውስጥ ሁሉ ይፈልጉ።

ሁለተኛው ዲኤምኤ ነው፤ ይህም መሣሪያ ያለ ፕሮሰሰሩ በቀጥታ ሜሞሪ ላይ ሲጽፍ ነው። የዲስክ ወይም የኔትወርክ መሣሪያ በፕሮሰሰሩ ሠንጠረዥ አያልፍም፤ የሚያግደው አይኦኤምኤምዩ (የመሣሪያዎችን የሜሞሪ አጠቃቀም የሚቆጣጠር ሃርድዌር) ብቻ ነው። መሣሪያው ሜሞሪውን በራሱ እንዲደርስበት የሚፈቅደውን ባስ ማስተር ቢት ሲያጠፉ ብልሽቱ ከቆመ፣ ለድራይቨሩ የተሰጠውን የበፈር አድራሻና መጠን ይመርምሩ።

«ሊንከሩ ክፍሎቹን ከለየ ይበቃል።»

አይበቃም። ሊንከር የተተረጎሙ የኮድ ቁርጥራጮችን ወደ አንድ ፕሮግራም የሚያጣምር መሣሪያ ነው። ለንባብ ብቻ የሆነው ክፍል በ4096 ባይት ድንበር ካልጀመረና ካላለቀ ከጎረቤቱ ጋር ገጽ ይጋራል። 2 ሜጋባይት ገጽ ከተጠቀሙ ድንበሩም 2 ሜጋባይት ነው።

«ለቅጽበት ደብሊውፒን አጥፍቶ ጽፎ መመለስ ችግር የለውም።»

በመሃል ኢንተራፕት ከገባ ያ ኮድ ያለ ክልከላ ይሠራል። ሥራው ወደ ሌላ ኮር ከተዛወረ ደግሞ አዲሱ ኮር ላይ ፎልት ይነሳል፣ የመጀመሪያው ኮር እንደተከፈተ ይቀራል። ሊኑክስ ከ5.3 ጀምሮ ሲአር0ን የሚጽፍበት ፋንክሽን ቢቱን እንዳይጠፋ ቆልፎታል። ትክክለኛው መንገድ ለዚያው ገጽ አንድ ኮር ብቻ የሚያየው ጊዜያዊ አድራሻ ከፍቶ መጻፍ፣ ከዚያ አድራሻውን ዘግቶ ቲኤልቢውን ማጽዳት ነው።

ከርነሉ ሲነሳ ከእያንዳንዱ ኮር ሆን ብሎ ለንባብ ብቻ የሆነ ተለዋዋጭ ላይ አንድ ባይት እንዲጽፍ ያድርጉ። ኮድ 3 ያለው ፎልት ካልመጣ እዚያው ይቁም፣ የኮሩንም ቁጥር ያትም።